የጳጉሜ ውሃና የአሥራ ሦስት ቀኑ ኮከብ

ወልድያ ውስጥ የውሃ ፓምፕ፣ የመስኖ ጎማና የሞተር መለዋወጫ እሸጣለሁ። ትብለፅ እባላለሁ። ቁጡ ነኝ፤ ደንበኞቼ ያውቁታል፣ እኔም አልክደውም። አስቀድሜ የምነግራችሁ ወደ ኋላ ላይ ስጮህ ስለምትሰሙኝ ነው። በማን ላይ እንደጮህኩና ጥፋቱ የማን ሆኖ እንደተገኘ ስትሰሙ ደግሞ እንደፈለጋችሁ ሳቁብኝ፤ ይገባኛል።

የማወራችሁ ስለ ጋሽ አብዱልሐሊም ነው፣ መርሳ አጠገብ ባለችው በግራና መንደር ስላሉት የውሃ አባት። የውሃ አባት ማለት ገበሬዎች መርጠውት ከወንዝ የተጠለፈውን ውሃ በተራ የሚያከፋፍል ሰው ነው። ደሞዝ የለው፣ ማኅተም የለው፣ ቢሮ የለው። ዛሬ የእገሌ ቦይ ይከፈት ካለ ይከፈታል፣ ይዘጋ ካለ ይዘጋል። ጋሽ አብዱልሐሊም የተመረጡት በሃያ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ዘንድሮ ስልሳ ሞላቸው፣ እስከ ዛሬ ይውረዱልን ያለ ሰው አልተገኘም። ሽንኩርትና ፓፓያ ያለማሉ፤ የራሳቸው ማሳ ግን ሁልጊዜ ተራው የመጨረሻው ነው። እንዲያ ያደረጉት ራሳቸው ናቸው።

በእሳቸው ቦይ አሥራ ሦስት ተራ አለ። በኮታቸው ግራ ኪስ አሥራ ሦስት የወንዝ ጠጠር ይይዛሉ። ሁልጊዜ ማለዳ፣ ሱብሂ ከሰገዱ በኋላ፣ አንዷን ጠጠር ከግራ ኪስ ወደ ቀኝ ኪስ ያዛውራሉ። አሥራ ሦስተኛዋ ስታልፍ ዙሩ አለቀ፤ ሁሉም ተመልሰው ወደ ግራ ይገባሉ። ይኸው ነው መዝገባቸው። በየዓመቱ ከሱቄ የማድለውን ካላንደር በደስታ ይቀበሉኝና ቤታቸው ግድግዳ ላይ ይሰቅሉታል፤ ውሃ ግን በሱ አያከፋፍሉም። «ካላንደር ላይ ሰው ጣቱን ያንሸራትታል፣ ትብለፅ» ይሉኛል። እኔም ተቀይሜ አውቃለሁ። ካላንደሩን በራሴ ወጪ ነዋ የማሳትመው!

ስለ እሳቸው አንድ ነገር ካላወቃችሁ የቀረውም አይገባችሁም። ዝናቡ ነሐሴ አጋማሽ ላይ ቀጥ ያለበት ክፉ ዓመት ነበር። ጳጉሜ ገባ፣ ማሽላው ሊያዘረዝር ሲል ጠወለገ፣ የሽንኩርቱ ችግኝ ተኮማተረ። ጀብሪል የሚባል ገበሬ «ጳጉሜ ወር አይደለም፤ ከተራ ውጭ ነው፤ ውሃው የቀደመ ይውሰደው» አለና ቦዩን ወደ ማሳው ቀደደ። ግማሹ ሰው አብሮት ቆመ፣ ግማሹ አካፋና ዶማ ይዞ መጣ። ጋሽ አብዱልሐሊም ምን አደረጉ መሰላችሁ? ሄደው በተቀደደው ቦይ አፍ ላይ፣ ውሃው ውስጥ፣ እንዳለ ቁጭ አሉ! ውሃው ወገባቸው እስኪደርስ ተከተረ። ከኪሳቸው ጠጠሮቹን አውጥተው፣ «ጀብሪል፣ ዛሬ ፀሐይ ወጥታለች ወይስ አልወጣችም?» አሉት። «ወጥታለች» አለ። «ከወጣች አንድ ጠጠር አልፋለች፤ ተራው የሁሪያ ነው፤ ባል የሞተባት ናት፤ ዝጋ!» ዘጋ። ከዚያን ቀን ወዲህ ግራና ውስጥ የጳጉሜ ውሃ የማን ነው ብሎ የተጣላ የለም። ጀብሪልም ዛሬ ዋና ወዳጃቸው ነው።

እንግዲህ የኚህ ሰው ልጅ ናት ኢሕሳን። እዚሁ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ታጠናለች፣ የመጨረሻ ዓመቷ ነው። ክረምቱን ግራና ከረመች፤ ኔትወርክ ሲጠፋባት በመርሳ በኩል ሚኒባስ ይዛ ወደ ሱቄ ትመጣለች። እኔ ሻይ እየጠጣሁ አፈጣለሁ፣ እሷ ስልኳ ላይ ትጣዳለች። ልጅ የለኝም፤ ሲመሽ «እትዬ ትብለፅ፣ ደህና አምሺ» ብላኝ ስትሄድ ሱቁ ጭር ይላል።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ አባትና ልጅ አብረው መጡ። እሳቸው ፓምፕ ሊያስሞክሩ ነው። ከሱቁ ጀርባ በርሜል አለኝ፣ ፓምፕ የምንሞክረው እዚያ ነው። ሞተሩ ሲነሳ የጎማው ጫፍ ከእጄ አመለጠና እንደ እባብ እየተገረፈ ዞረ፣ ሁላችንንም አጠበን። እኔ ስራገም ኢሕሳን በሳቅ ፈርሳ፣ «ይኸው! ይኸው እኔ የማጠናው! ኮከቤ እንዲህ ነው የሚያደርገው!» አለች።

«የምን ኮከብ ነው ሰው የሚያጥብ?» አልኳት ቀሚሴን እየጨመቅኩ።

ያኔ ነው የነገረችን። ሰማይ ላይ ንስር በሚሉት የኮከቦች ስብስብ ውስጥ ሁለት ሆነው አንዱ ሌላውን የሚዞሩ አሉ። ስማቸው ስም አይባልም፣ ኤስኤስ 433 ነው። አንደኛው ግዙፍ ኮከብ ነው። ሁለተኛው ትንሽ ግን ከባድ፣ ምናልባትም ብላክ ሆል የሚሉት፣ ብርሃን እንኳ የማያመልጠው ነገር። ትንሹ የትልቁን ጋዝ ይስባል። ጋዙ በዙሪያው እየተሽከረከረ ይግላል፣ ግለቱ ኤክስሬይ ይረጫል።

«ሀኪም ቤት ያለው ኤክስሬይ?»

«እሱው ራሱ፣ እትዬ! ግን ጉዱ ይኼ አይደለም። የሳበውን ሁሉ መዋጥ አይችልም። የተረፈውን በሁለት በኩል፣ ወዲያና ወዲህ፣ እንደ ፓምፕ ውሃ ይወነጭፈዋል። ፍጥነቱ የብርሃንን ሩብ ያህላል። በአንድ ሰከንድ ከወልድያ አዲስ አበባ ሰባ አምስት ጊዜ ደርሶ መልስ በዪው! ደግሞ የሚወነጭፍበት አቅጣጫ ዝም ብሎ አይቆምም፣ እንደዚህ ጎማ ጫፍ ይዞራል፤ ዙሩን በመቶ ስልሳ ሁለት ቀን ይጨርሳል።»

እኔ አፌን በእጄ ያዝኩ። ጋሽ አብዱልሐሊም ግን እንደ ዳኛ ግንባራቸውን ቋጥረው፣ «ቆይ ልጄ። ትንሹ የጎረቤቱን ይጠባል?» አሉ።

«አዎ አባ።»

«የጠባውንም አይጨርሰውም?»

«አይጨርሰውም፣ ይተፋዋል።»

«ሱብሃነላህ! እንዲህ ያለ ሰው እኛም ቦይ ላይ አለ!» ብለው ሳቁ፣ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ «ለመሆኑ አንዱ ሌላውን በስንት ቀን ይዞረዋል?» አሏት።

«በአሥራ ሦስት ቀን፤ ከዚያ ላይ ሁለት ሰዓት ያህል ትጨምራለች። በየአሥራ ሦስት ቀኑ ትልቁ ከፊት ይመጣና ትንሹን ይጋርደዋል፣ ብርሃኑ ይቀንሳል። ዛሬ፣ ነሐሴ ሃያ ሰባት፣ ጋርዶታል።»

ሰውየው ከተቀመጡበት ዱካ ብድግ አሉ። ወላሂ ብድግ አሉ! «በአሥራ ሦስት?» አሉ። እጃቸው ግራ ኪሳቸው ውስጥ ነበር።

ኢሕሳን የመመረቂያ ጽሑፏ ይህ ነው። ባሕር ማዶ ያለ አንድ ቴሌስኮፕ ለተማሪዎች በተራ ይሰጣል፤ ቀኑን ትጠይቃለህ፣ ማሽኑ ራሱ ኮከቡን ያነሳና በኢሜይል ይልክልሃል። ለእሷ ሁለት ተራ ደረሳት። ሁለት ብቻ! ኮከቡ የሚደበዝዝበትን ቀን ቀድማ አስልታ፣ በዚያ ቀን አስነስታ፣ ስሌቷ ልክ መሆኑን ማሳየት አለባት። አማካሪዋ መምህርት ቃልኪዳን ቁርጡን ነግራታለች፤ ሁለቱም ተራ ከከሸፈ ጽሑፉ ያለ ማስረጃ ይቀራል፣ ሌላ ርዕስ ተወስዶ እንደገና ይጀመራል፣ ምርቃቱም ለሚቀጥለው ዓመት ያልፋል። የመጀመሪያ ተራዋን መስከረም አሥር ላይ አስያዘች፣ ሁለተኛውን መስከረም ሃያ ሦስት ላይ።

መስከረም አሥራ ሁለት፣ ሰኞ፣ ሱቅ ስከፍት በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ምን ሆንሽ?»

«አልደበዘዘም፣ እትዬ። ቦግ ብሎ ነው የበራው። ተራዬ ባከነ።»

አንጀቴን በላችው። እኔ ሳዝን የሚቀድመኝ ቁጣ ነው፤ ኮከቡን ሰደብኩ፣ ቴሌስኮፑን ሰደብኩ፣ ኔትወርኩን ሰደብኩ፣ ያን ለሚያህል ድካም ሁለት ተራ ብቻ የሰጡትን ፈረንጆች አልማርኳቸውም። ኢሕሳን ደብተሯን ዘርግታ ለመቶኛ ጊዜ ትደምራለች። «ስሌቱ ልክ ነው። አሥራ ሦስት ቀን ነው የቆጠርኩት። ምናልባት ኮከቡ አልገባኝም ይሆናል። ሁለተኛውም እንዲህ ከሆነ አለቀልኝ» ትላለች። እንባዋ ደብተሩ ላይ ጠብ አለ።

በዚህ መሀል ጋሽ አብዱልሐሊም ለፓምፓቸው ማሸጊያ ጋስኬት ሊገዙ ገቡ። «አሰላሙ አለይኩም» አሉ። እኔ ነገርኳቸው። ልጃቸውን አዩ፣ መሬቱን አዩ፣ ዱካው ላይ ተቀመጡ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ኮታቸው ሳይሆን ወደ ሸሚዛቸው ደረት ኪስ ከተቱና ሌላ ጠጠር አወጡ። ትንንሽ፣ ነጫጭ ጠጠሮች። ባንኮኒው ላይ ደረደሯቸው።

«እነዚህ ደግሞ ምንድን ናቸው?» አልኩ።

«የኮከቡ ናቸው» አሉ አፍረው። «ከነሐሴ ሃያ ሰባት ጀምሮ እቆጥርለት ነበር። ነሐሴ ሃያ ስምንት ጠዋት የመጀመሪያዋን አሳለፍኩ። አሥራ ሦስተኛዋ ያለፈችው መስከረም አምስት ነው።»

ኢሕሳን ቀና አለች። «አምስት? አሥር ነው እንጂ፣ አባ።»

«አንቺ አሥር ብለሽ ነበር። እኔ ጋ አምስት ሆነ። እኔ ያልተማርኩ ሰው ነኝ፤ የሰማይ ቀን ሌላ ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ።»

አሁን ነው የጮህኩት! «ዝም አሉ? ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ገበሬውን ሁሉ ሲያርሙ ኖረው ልጅዎ ፊት ዝም አሉ? አምስት ቀን ሙሉ ያንን ጠጠር ደረትዎ ላይ ይዘው? ይኼ አክብሮት ነው ወይስ ክፋት? ወይኔ ጋሽ አብዱልሐሊም፣ ልጅቷን ጉድ ሠሯት!» እሳቸው አንገታቸውን ደፉ። «እውነትሽን ነው» አሉ። «ፈራኋት። በሷ ትምህርት ፊት ጠጠር ማውጣት አፈርኩ።» ይህን ሲሉም መጮሄን አላቆምኩም።

ኢሕሳን አልሰማችንም። ጠጠሮቹን አንድ በአንድ በጣቷ እየነካች ትቆጥራለች፤ ነሐሴ ሃያ ስምንት፣ ሃያ ዘጠኝ፣ ሠላሳ፤ መስከረም አንድ…

«ጳጉሜስ?» አሉ አባቷ።

ጣቷ አንዷ ጠጠር ላይ ቆመ።

«ጳጉሜ!» አለች። «ጳጉሜን ዘልያታለሁ! አምስት ቀን! የዩኒቨርሲቲው ኮምፒውተር ክፍል ስለተዘጋ ቤት ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ካላንደር ነው የቆጠርኩት። ነሐሴ ሲያልቅ ገልጬ ወደ አዲሱ መስከረም ገባሁ። ጳጉሜ እኮ ካላንደሩ ላይ የለችም!»

«የማን ካላንደር ነው ጳጉሜ የሌለው? ማነው ይኼን ያሳተመ ደንቆሮ?» ብዬ ዞርኩ።

ከኋላዬ ግድግዳው ላይ የራሴው ካላንደር ተሰቅሏል። ገና ያላወረድኩት የነሐሴው ገጽ። ከታች፣ የጳጉሜ አምስት ቀናት መሆን በነበረባቸው ቦታ፣ አንድ የሚያምር ቀይ ፓምፕ። ማተሚያ ቤቱ «ፎቶው አይገባም» ሲለኝ «ትንሽ ወደ ላይ ጎትተህ አስገባው» ያልኩት እኔ ነኝ። እኔ! ለፓምፕ ፎቶ ስል አንድ ወር ሙሉ ከዓመቱ አጥፍቼ፣ አምስት መቶ ኮፒ ለአገሩ በትኛለሁ።

ክው አልኩ። ጋሽ አብዱልሐሊም ፓምፑን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከንፈራቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። «ትብለፅ፣ ጀብሪልን አስናቅሽው እኮ» አሉ። ሦስታችንም ሳቅን፤ ኢሕሳን እንባዋና ሳቋ ተቀላቀለባት።

ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። ሁለተኛው ተራ የተያዘው መስከረም ሃያ ሦስት ነው። ኮከቡ የሚደበዝዘው ደግሞ አሥራ ስምንት ነው። አሥራ ስምንት የሌላ ተማሪ ተራ ነው፣ የማናውቀው አገር ያለ ሰው። ስድስት ቀን ቀርቶታል።

«ለውጡልኝ ብዬ ልጻፍ? ምን ብዬ?» አለች ኢሕሳን። «ተራውን ማን ይሰጠኛል?»

እዚህ ላይ ሰውየው ተለወጡ። ቅድም ያፈሩት ሽማግሌ ሄዱና የውሃ አባቱ መጡ። «ተራ የሚለምን ሰው ሦስት ነገር ያደርጋል» አሉ። «ጥፋቱን አይደብቅም። የራሱን ተራ አስቀድሞ ይሰጣል። መልሱ እስኪመጣ አይነዘንዝም። እንደዚያ አድርገሽ ጻፊ። ‹የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ ጳጉሜ የምትባል አምስት ቀን ያላት አሥራ ሦስተኛ ወር አለችን፣ እሷን ረሳሁ› በያቸው። ሃያ ሦስትን ለዚያ ሰው ስጪ።»

«ይኼን ለፈረንጅ? ይስቁብኛል አባ!»

«ይሳቁ። የሳቀ ሰው ይሰጣል።»

ጻፈች። ላከች። እኔ በበኩሌ መነዝነዝ ነው የቀረኝ፤ በሰዓት አሥር ጊዜ «መጣ?» እላለሁ። ማክሰኞ የለም። ረቡዕ ጠዋት የለም። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ለአንድ የሲሪንቃ ደንበኛ ጎማ እየለካሁ ሳለ ስልኳን አንስታ ጮኸች። አስተባባሪዎቹ ጽፈዋል፦ አሥራ ሦስት ወር ያለው አገር መኖሩን ባለማወቃችን አፍረናል፤ የመስከረም አሥራ ስምንቱ ተማሪ በደስታ ለውጦልሻል፤ ያንቺን ኮከብ እኛም ማየት እንፈልጋለን። ጎማውን ለቀቅኩት፣ እልል አልኩ። የሲሪንቃው ሰውዬ «ምነው፣ ሰርግ ነው?» አለኝ። «ከሰርግም ይበልጣል፣ አንተ ጎማህን ያዝ!» አልኩት።

የዘንድሮን መስቀል እንዴት እንዳሳለፍኩት አትጠይቁኝ። ደመራው ሲለኮስ ሰው ሁሉ ወዴት እንደሚወድቅ ያያል፤ እኔ ከጭሱ በላይ ንስር የትኛው ነው እያልኩ አንጋጥጣለሁ። መስቀልም አለፈ፣ አሥራ ስምንትም አለፈ። አሥራ ዘጠኝ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሱቅ ከፈትኩ። አባትና ልጅ ከመርሳ በመጀመሪያው ሚኒባስ ደርሰዋል። ጋሽ አብዱልሐሊም በጠዋቱ የሚከፈተውን ቦይ ለጀብሪል አደራ ሰጥተው መምጣታቸውን ሲነግሩኝ፣ ነገሩ ምን ያህል እንደከበዳቸው ያኔ ገባኝ። በሠላሳ አንድ ዓመት አደራ ሰጥተው አያውቁም።

ኢሜይሉ መጥቶ ነበር። ኢሕሳን ልትከፍተው አልቻለችም፤ ስልኩን ወደኔ ገፋችው። «አንቺ ክፈቺው፣ እትዬ» አለችኝ። እኔስ ምኑን አውቄ! ከፈትኩት። ጥቁር ሥዕል፣ ነጫጭ ነጠብጣቦች፣ ከሥር ቁጥሮች። ስልኩን ነጠቀችኝ። ቁጥሩን አየች፣ ደብተሯን አየች፣ ቁጥሩን አየች።

«ደብዝዟል» አለች በሹክሹክታ። ከዚያ በጩኸት፣ «ደብዝዟል! ወደ ግማሽ ወርዷል! አባ፣ በቀኑ ነው፣ ልክ በቀኑ!»

አባቷ ላይ ተጠመጠመች። እኔ በሁለቱም ላይ ተጠመጠምኩ፣ ማን ከለከለኝ! ጋሽ አብዱልሐሊም «አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ» ይላሉ፣ ጺማቸው በእንባ ርሷል። «ተራውን ጠበቀ» አሉ። «ያን ያህል ርቆ፣ ያን ያህል እየተወነጨፈ፣ ተራውን ጠበቀ!»

መምህርት ቃልኪዳን በስልክ ሥዕሉን አይታ እንኳን ደስ አለሽ ካለቻት በኋላ «ስህተቱን በምን አገኘሽው?» ብላ ጠየቀቻት። ኢሕሳን ወደ አባቷ አየች። «በአባቴ ጠጠር» አለች፣ ጮክ ብላ፣ ሱቅ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ እየሰማ።

እኔ ደግሞ የአዲሱን ዓመት ካላንደር ገና አድዬ አልጨረስኩም ነበር፤ እሱም ላይ ያው ቀይ ፓምፕ ጳጉሜ ላይ ተኮፍሷል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባንኮኒው ጋ ቁጭ ብዬ በእያንዳንዱ ኮፒ ላይ ጳጉሜ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት እያልኩ በእስክሪብቶ እጽፋለሁ። የወሰዱትንም መልሱ ብያለሁ። እጄ አብጧል። ይበለኝ!

የዚያኑ ጠዋት ሊሄዱ ሲነሱ ኢሕሳን አባቷ ዛሬም አውጥተው ባንኮኒው ላይ የደረደሯቸውን ነጫጭ ጠጠሮች ልትሰበስብ እጇን ዘረጋች። «አባ፣ እነዚህን ለኔ ስጠኝ። በቀረው ዕድሜዬ ሁሉ ከኔ ጋር ይሁኑ።»

ሰውየው ጠጠሮቹን በእጃቸው ከለሉ። እኔ አሁን እቅፍ አድርገው ይሰጧታል ብዬ ዓይኔን ልጠርግ ነጠላዬን ይዣለሁ።

«አይሆንም» አሉ። «ዛሬ ጠዋት የመጀመሪያዋን አሳልፌያለሁ። ጥቅምት አንድ ቀን ይጋረዳል። እነዚህ ሥራ ላይ ናቸው።»

አሥራ ሁለቱን ወደ ደረት ኪሳቸው መለሱ፣ አንዷን ለብቻ ያዙ። ከዚያ ልጃቸውን ትከሻዋን ነካ አድርገው፣ «ከቤት በታች ወንዙ ጋ ሞልቷል፤ ዛሬ አብረን እንወርዳለን፣ የራስሽን ትለቅሚያለሽ። ከእንግዲህ ሁለታችንም እንቆጥራለን፤ ቁጥራችን ከተለያየ እነግርሻለሁ» አሏት።